ባዮሎጂ ወይም የአካባቢ ጉዳይ ለሚስባችሁ፦ የምህንድስና ዲፓርትመንት አመራረጥ

ሒሳብ አያስፈራችሁም፤ ባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ሳታስቡት ያልቃል። ወይም ወንዝ ተበክሎ፣ አፈር ታጥቦ ስታዩ ያንገበግባችኋል። ምህንድስና ለመማር ወስናችኋል፤ የምርጫው ፎርም ላይ ግን ባዮሜዲካል፣ ኬሚካል፣ ሲቪል፣ ኢንቫይሮመንታል፣ ባዮሲስተምስ ተደርድረው ሲመጡ እጃችሁ ያመነታል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ስሙ ውስጥ «ባዮ» ወይም «አካባቢ» ያለበትን መርጦ ይገላገላል። አንዳንዴ ይሳካል። ነገር ግን አራት አምስት ዓመት አብሯችሁ የሚኖረው በየቀኑ የምትሠሩት ስሌት ስለሆነ፣ ከስሌቱ ተነስቶ ወደ ስሙ መሄድ ይሻላል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

1. መጀመሪያ ሳይንሱንና ምህንድስናውን ለዩ

ይህን ሳትመልሱ ወደሚቀጥለው አትለፉ። አንድ ሐይቅ በአልጌ ተሸፍኖ ዓሣው አለቀ እንበል። የአካባቢ ሳይንስ ባለሙያ አልጌው ለምን በዛ፣ ፎስፈረሱና ናይትሮጅኑ ከየት መጣ፣ የትኛው ዝርያ ተጎዳ ብሎ ይጠይቃል። መሐንዲሱ ደግሞ ፎስፈረሱን ከፍሳሹ በምን ዘዴ ላውጣው፣ ገንዳው ስንት ሜትር ኩብ ይሁን፣ በቀን ስንት ኪሎ ኬሚካል ይፈጃል፣ የሚወጣውን ዝቃጭ የት ልጣለው ይላል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱን እኩል የሚወድ ሰው ግን ብዙ አይደለም።

ራሳችሁን እንዲህ ፈትኑ። ስለ አንድ ባክቴሪያ ስታነቡ አኗኗሩን ማወቁ ብቻ ካረካችሁ፣ ባዮሎጂ ወይም ኢኮሎጂ ብትማሩ ደስተኛ ትሆናላችሁ። «ታዲያ ይህን ፍጥረት ምን ላሠራው?» የሚለው ሐሳብ ሳትጠሩት የሚመጣ ከሆነ ምህንድስና ይስማማችኋል። ቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፦ በአብዛኞቹ የምህንድስና ዲፓርትመንቶች የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ካልኩለስ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ፕሮግራሚንግ ናቸው። ባዮሎጂ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ ሲመጣም በቀመር ተጠቅልሎ ነው። ይህን መታገሥ የማትችሉ ከሆነ አሁኑኑ ማወቁ ይጠቅማችኋል።

2. በየትኛው መጠን መሥራት እንደምትፈልጉ ወስኑ

ሕይወት ያለው ነገር ከሞለኪውል እስከ ተፋሰስ ድረስ ይዘረጋል፤ ዲፓርትመንቶቹም በዚሁ መሥመር ላይ የየራሳቸውን ቦታ ይዘዋል።

ሞለኪውልና ህዋስ ላይ ከሆናችሁ መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ ኬሚካል ኢንጂነሪንግን ነው። ስሙ ነዳጅ ማጣሪያንና ፋብሪካን ስለሚያስታውስ ባዮሎጂ የሚወድ ተማሪ ቶሎ ያልፈዋል፤ ይህ በጣም ያስቆጫል። ለስኳር ሕሙማን የሚሰጠው ኢንሱሊን ለብዙ አሥርት ዓመታት ከላምና ከአሳማ ቆሽት ነበር የሚወጣው። እ.ኤ.አ. በ1982 የሰው ዘረመል በተጨመረበት ባክቴሪያ የተመረተ ኢንሱሊን ለገበያ ተፈቀደ። ዘረመሉን ባክቴሪያው ውስጥ ያስገቡት ባዮሎጂስቶች ናቸው። ባክቴሪያውን በትልቅ ታንክ ማሳደግ፣ ኢንሱሊኑን ለይቶ ማውጣትና ሳይበላሽ ማጣራት ግን የኬሚካል መሐንዲስ ሥራ ነው። ከዚያ በፊትም ፔኒሲሊን በላብ ሳህን ላይ በጥቂቱ ከመመረት ወጥቶ በፋብሪካ እንዲመረት ያደረገው ይኸው ሙያ ነው፤ የመጀመሪያውን የፔኒሲሊን ማምረቻ ፋብሪካ የነደፈችው ማርጋሬት ሃቺንሰን ሩሶ የኬሚካል መሐንዲስ ነበረች። ባዮፕሮሰስ፣ ባዮኬሚካል ወይም ባዮሎጂካል ኢንጂነሪንግ የሚል ስም ያለው ዲፓርትመንት ካገኛችሁ አብዛኛውን ጊዜ የዚሁ ቤተሰብ ነው።

የሰው አካል ላይ ከሆነ ልባችሁ፣ ባዮሜዲካል በቀጥታ ይጠራችኋል። እርሱ ብቻ አይደለም ግን። ሰው ሠራሽ እግር፣ የዳሌ መገጣጠሚያ፣ የደም ዝውውር በአብዛኛው የመካኒካል ጉዳይ ነው። የልብና የአንጎል ሞገድ፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ የምስል ማንሻ ማሽን ኤሌክትሪካል ነው። ከአጥንት ጋር ተስማምቶ የሚኖር ብረት የማቴሪያል ኢንጂነሪንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ስዊድን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አካል ውስጥ የተቀበረውን የልብ ምት መቆጣጠሪያ የሠራው ሩኔ ኤልምክቪስት ነው፤ የቀበረው የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ኦኬ ሴኒንግ። ኤልምክቪስት ራሱ ሕክምና ተምሮ ወደ ምህንድስና ያደላ ሰው ነበር። በሁለቱ ሙያዎች መካከል ያለው አጥር ያን ጊዜም ቢሆን ዝቅ ያለ ነበር።

ውኃ፣ ፍሳሽ፣ አየርና ደረቅ ቆሻሻ የኢንቫይሮመንታል ኢንጂነሪንግ ዋና ሥራዎች ናቸው። ይህ ሙያ ከውጭ ሲታይ ቧንቧና ሲሚንቶ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ማይክሮባዮሎጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 ማንቸስተር ላይ አርደርንና ሎኬት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ፍሳሽ ውስጥ አየር እየነፉ፣ የሚዘቅጠውን ደለል ሳይጥሉ መልሰው ሲጠቀሙበት ፍሳሹ በፍጥነት እንደሚጠራ አሳዩ። ደለሉ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው ሥራውን የሚሠሩት። ዛሬም በዓለም ላይ ብዙ ትልልቅ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። የጣቢያው መሐንዲስ በሌላ አነጋገር የብዙ ቢሊዮን ባክቴሪያ ጠባቂ ነው።

ማሳ፣ አፈር፣ መስኖ፣ ምግብና የሰብል ብክነት የሚያሳስባችሁ ከሆነ የግብርና ወይም ባዮሲስተምስ ኢንጂነሪንግ አለ። ጎርፍ፣ ግድብ፣ የከርሰ ምድር ውኃና ተፋሰስ ደግሞ ሲቪል ውስጥ ባለው የውኃ ሀብት ዘርፍ ይገኛሉ። ኮምፒውተር ፊት መዋል የምትወዱ ከሆነም ቦታ አላችሁ፦ የሰው ልጅ ጂኖም ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጉ ጥንድ ፊደላት አሉት፤ ይህን ያለ ኮምፒውተር የሚያነብ የለም።

3. የየዘርፉን ስሌት አንድ አንድ ቅመሱ

ከሁሉም ደረጃዎች ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። ማስታወቂያና ብሮሹር የማይነግራችሁን አንድ ገጽ ስሌት ይነግራችኋል። ሁለቱን እዚሁ እንሥራ።

የመጀመሪያው ከኬሚካል ነው። አንድ ሊትር በሚይዝ የላብ ዕቃ ውስጥ ባክቴሪያ እያደገ ነው። ሲያድግ ሙቀት ያመነጫል፤ ሙቀቱም በዕቃው ግድግዳ በኩል ይወጣል፤ ችግር የለም። አሁን ዕቃውን በርዝመት፣ በወርድና በከፍታ አሥር አሥር እጥፍ አሳድጉት። የሚይዘው 1,000 ሊትር ሆነ፤ ስለዚህ የሚመነጨው ሙቀትም 1,000 እጥፍ ነው። ግድግዳው የሰፋው ግን 100 እጥፍ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ግድግዳ ቀድሞ ያስወጣ ከነበረው አሥር እጥፍ ሙቀት ማስወጣት አለበት ማለት ነው፤ አለዚያ ባክቴሪያው በገዛ ሙቀቱ ያልቃል። ስለዚህ ታንኩ ውስጥ የማቀዝቀዣ ቱቦ ይገባል፤ ቱቦው ስንት ሜትር ይሁን የሚለው የእናንተ የቤት ሥራ ነው። ኦክስጅኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ከአየር ወስዶ የሚይዘው ኦክስጅን 9 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ታንኩ በባክቴሪያ ሲጨናነቅ ይህን በሰከንዶች ውስጥ ይጨርሱታል። ስለዚህ አየር ያለማቋረጥ ይነፋል፣ ፈሳሹም ያለማቋረጥ ይማሰላል፤ ማማሰሉ ሲበረታ ደግሞ ተጨማሪ ሙቀት ይፈጥራል።

ሁለተኛው ከኢንቫይሮመንታል ነው። በሰከንድ 10 ሜትር ኩብ ውኃ የሚያልፍበት ወንዝ አለ። ባክቴሪያዎች ውኃው ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ሲበሉ የሚፈጁት ኦክስጅን በሙያው ቢኦዲ ይባላል፤ ናሙናው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ጨለማ ውስጥ 5 ቀን ተቀምጦ ይለካል። የወንዙ ቢኦዲ በሊትር 2 ሚሊግራም ነው። ከማጣሪያ ጣቢያ የሚወጣ ፍሳሽ በሰከንድ 0.5 ሜትር ኩብ ይገባበታል፤ የእርሱ ቢኦዲ በሊትር 30 ሚሊግራም ነው። ከተቀላቀሉ በኋላ ስንት ይሆናል? 10 በ2 ሲባዛ 20፣ 0.5 በ30 ሲባዛ 15፣ ድምሩ 35፤ ለ10.5 ሲካፈል 3.3 ገደማ።

እስከዚህ የሒሳብ ትምህርት ነው። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ነው የሚጣፍጠው፦ ወንዙ ውስጥ ኦክስጅኑ በጣም የሚያንሰው የት ላይ ነው? ብዙ ሰው ፍሳሹ የሚገባበት ቦታ ላይ ይመስለዋል። አይደለም። ባክቴሪያዎቹ ቆሻሻውን ለመብላት ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ውኃው እስከዚያ ድረስ ወደ ታች ይወርዳል፤ በዚያው ልክ ከላይ ካለው አየር አዲስ ኦክስጅን ይገባል። አንዱ ይወስዳል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ወሳጁ ከመላሹ የሚበልጥበት ጊዜ አልፎ ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት ቦታ ላይ ነው ዓሣው የሚጨነቀው፤ ይህም ከቱቦው ብዙ ኪሎ ሜትር ሊርቅ ይችላል። ስትሪተርና ፌልፕስ ይህን እ.ኤ.አ. በ1925 ኦሃዮ ወንዝን አጥንተው በቀመር አስቀመጡት፤ ተማሪዎች ዛሬም ይሠሩታል።

ከሁለቱ የትኛው ነበር «ቀጥሎስ?» ያሰኛችሁ? ሁለቱም ካሰለቿችሁ አትደንግጡ፤ አንድ የሰርኪዩት፣ አንድ የጉልበት ሚዛን፣ አንድ አጭር የፕሮግራም ጥያቄ ደግሞ ሞክሩ። የየኮርሱ የመጀመሪያ ምዕራፍ መልመጃ ይበቃል። የምትፈልጉት ምልክት ጥያቄው ቀላል መሆኑ አይደለም፤ ሲያስቸግራችሁ ትታችሁት መሄድ ማቃታችሁ ነው።

4. የሦስተኛውንና የአራተኛውን ዓመት የኮርስ ዝርዝር አንብቡ

የመጀመሪያው ዓመት በሁሉም ቦታ ስለሚመሳሰል አይጠቅማችሁም። የላይኞቹን ዓመታት አውጥታችሁ እያንዳንዱ ኮርስ አጠገብ ምልክት አድርጉ፦ ስለ ሕያው ነገር የሚናገር፣ መሣሪያ የሚያስተምር፣ ከሁለቱም ያልሆነ። ከዚያ ቁጠሩ። ውጤቱ ሊያስገርማችሁ ይችላል፤ ስሙ ላይ ባዮ ያለው ዲፓርትመንት ውስጥ ከጠበቃችሁት ያነሰ፣ ኬሚካል ውስጥ ደግሞ ከጠበቃችሁት የበለጠ ባዮሎጂ ልታገኙ ትችላላችሁ።

አንድ ስም በሁለት ዩኒቨርሲቲ ሁለት ትምህርት ሊሆን እንደሚችልም አትርሱ። ኢንቫይሮመንታል ኢንጂነሪንግ ከሲቪል ሥር ከበቀለ የአፈር መካኒክስ፣ ሃይድሮሊክስና የግንባታ ዲዛይን ይበዛበታል። ከኬሚካል ሥር ከበቀለ ደግሞ ሪአክተር (ኬሚካላዊ ለውጥ የሚካሄድበት ዕቃ)፣ ቴርሞዳይናሚክስና የአየር ብክለት ቁጥጥር ያዘነብላል። ማይክሮባዮሎጂው ላብ አለው ወይስ በንባብ ብቻ ነው? ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ግዴታ ነው? የመጨረሻ ዓመት የዲዛይን ፕሮጀክቱ ምን ላይ ነው? ያለፉትን ዓመታት የፕሮጀክት ርዕሶች ካገኛችሁ ከኮርስ ዝርዝሩ የበለጠ ይናገራሉ።

5. ሰፊውን ወይስ ጠባቡን? (ባዮሜዲካል ላይ ያለኝ አስተያየት)

ባዮሜዲካል ሰፊ ነው። ጥቂት ሰርኪዩት፣ ጥቂት መካኒክስ፣ ጥቂት ማቴሪያል፣ ጥቂት ፊዚዮሎጂ ይዞ ይወጣል። ሁሉም ቋንቋ ይገባዋል፤ በአንዱም ግን እንደ ተወላጁ አይናገርም። የሕክምና መሣሪያ አምራች ሰርኪዩት የሚነድፍለት ሰው ሲፈልግ ኤሌክትሪካል የተማረውን ማስቀደሙ የማይቀር ነው። ስለዚህ ባዮሜዲካልን ያለ ስጋት የምመክረው ለሦስት ዓይነት ተማሪ ነው፦ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ለመቀጠል ላሰበ፣ ወደ ሕክምና ትምህርት ለመዞር ለሚፈልግ፣ ሆስፒታል ውስጥ የመሣሪያ ባለሙያ ሆኖ መሥራት ለሚፈልግ። ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ወደ ንድፍ ሥራ መግባት የሚፈልግ ሰው ኤሌክትሪካል ወይም መካኒካል ተምሮ የምርጫ ኮርሶቹን በባዮሜዲካል ቢሞላ ይሻለዋል። በዚህ የማይስማሙ መምህራን አሉ፤ ጠንካራ ዲፓርትመንት ያላቸው ደግሞ እውነት አላቸው። ዲፓርትመንቱ ውስጥ አንድ ዘርፍ መርጦ ጠለቅ ብሎ መግባት የሚቻል ከሆነ የእኔ ስጋት ብዙውን ቦታ ያጣል፤ እዚህ ላይ የምትጠይቁትም ይህንኑ ነው።

6. ዕውቅናውን አረጋግጡ

አጭር ሥራ ነው፤ ሳይደረግ ሲቀር ግን መዘዙ ረጅም ነው። እንደ ውኃ አቅርቦትና ግድብ ባሉ የሕዝብ ደኅንነት በሚነኩ ሥራዎች ላይ ንድፍ ለመፈረም በብዙ አገሮች የሙያ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ፈቃዱ ደግሞ ዕውቅና ካለው የምህንድስና ዲግሪ ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ1989 የተፈረመው የዋሽንግተን ስምምነት አባል አገሮች አንዱ ሌላው ዕውቅና የሰጠውን የምህንድስና ዲግሪ እንዲቀበል መንገድ ከፍቷል። ስለዚህ የተቋሙን ስም ማየት አይበቃም፤ ያ የተወሰነ ፕሮግራም ዕውቅና እንዳለው እዩ። «ኢንቫይሮመንታል ሳይንስ»፣ «ኢንቫይሮመንታል ቴክኖሎጂ» እና «ኢንቫይሮመንታል ኢንጂነሪንግ» ከፈቃድ አንጻር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ።

7. ሥራው ላይ ያሉትን ጠይቁ

«ሥራው እንዴት ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «ጥሩ ነው» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። ይልቅ ባለፈው ሳምንት በተለይ ምን እንደሠሩ ጠይቁ። ስንቱን ሰዓት ስብሰባና ሪፖርት እንደወሰደው፣ ስንቱን ስሌት፣ ስንቱን ደግሞ ከቢሮ ውጭ እንዳሳለፉት። የፍሳሽ ጣቢያ መሐንዲስ ግማሽ ቀኑን የደንብ ማሟያ ሰነድ ሲሞላ ሊውል ይችላል፤ የመድኃኒት ፋብሪካ መሐንዲስም እያንዳንዱን እርምጃ በጽሑፍ ካላሰፈረ ምርቱ አይወጣለትም። ይህ ወረቀት ከሁለቱም ሙያ አይነጠልም። ሌላው ጥሩ ጥያቄ ከተማሯቸው ኮርሶች የትኛውን ዛሬም እንደሚጠቀሙበት ነው። አብራችሁም አምስት ስድስት የሥራ ማስታወቂያ አንብቡና የሚጠየቀውን የዲግሪ ዓይነት መዝግቡ፤ «ወይም ተመሳሳይ ዘርፍ» የሚለው ሐረግ የት የት እንደሚገኝ ልብ በሉ።

8. በመጀመሪያው ዓመት በሮቹን አትዝጉ

እስካሁን ካልለየላችሁ ችግር የለውም፤ ሁሉንም ዘርፎች የሚያገለግሉ ኮርሶችን አስቀድሙ፦ ካልኩለስ፣ ጠቅላላ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ አንድ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ፣ ስታቲስቲክስ። ባዮሎጂ የሚወዱ ተማሪዎች ስታቲስቲክስን ይሸሻሉ፤ ሕያው ነገር ግን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት ስለማይሰጥ ከማንም በላይ የሚያስፈልጋቸው እነርሱን ነው። በሁለት ዘርፍ መካከል ከቆማችሁ ተከታታይ ኮርሶቹ የሚረዝሙበትን አስቀድማችሁ ጀምሩ። ከኬሚካል ወደ ኢንቫይሮመንታል መዞር አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። በተቃራኒው ግን ሁለተኛ ዓመት ላይ የሚጀምረው የቁስና የኢነርጂ ሚዛን ኮርስ (ወደ አንድ ሂደት የሚገባውንና የሚወጣውን የሚያሰላው) ካመለጣችሁ፣ ከኋላው የተሰለፉት ሁሉ እርሱን ስለሚጠብቁ አንድ ዓመት ሊያስከፍላችሁ ይችላል።

የመጀመሪያ ዲግሪ ስም ዕድሜ ልክ እንደማያስርም ማስረጃ አለ። ፍራንሲስ አርኖልድ የመጀመሪያ ዲግሪዋን የያዘችው በመካኒካልና ኤሮስፔስ ኢንጂነሪንግ ነው። ከዚያ በኬሚካል ኢንጂነሪንግ ዶክትሬቷን ሠራች፤ ኢንዛይሞችን በላብ ውስጥ ደረጃ በደረጃ እያሻሻሉ እንዲለወጡ ማድረግ የሚቻልበትን ዘዴ በማዳበሯም እ.ኤ.አ. በ2018 የኬሚስትሪ ኖቤልን ተካፈለች። ከአውሮፕላን ወደ ኢንዛይም የሄደችው ግን ጠንካራ ሒሳብ ይዛ ነው፤ ባዮሎጂን በኋላ መጨመር ይቻላል፣ ሒሳብን በኋላ መጨመር ግን በጣም ይከብዳል።

9. ፎርሙን ሙሉ

አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በግራ በሁለተኛው ደረጃ የመረጣችሁትን መጠን፣ በሦስተኛው ደረጃ ያልሰለቻችሁን ስሌት ጻፉ። በቀኝ ዕውቅናቸውን ያረጋገጣችሁትን ዲፓርትመንቶች ዘርዝሩ። ሁለቱንም የሚያሟላውን አንደኛ ምርጫ አድርጉት። መጠኑ አንዱን፣ ስሌቱ ሌላውን የሚያመለክት ከሆነ ለስሌቱ አድሉ፤ የምርጫ ኮርሶች፣ ማይነር (ከዋናው ትምህርት ጎን የሚወሰድ አነስተኛ ዘርፍ) እና የተግባር ልምምድ ርዕሱን ወደምትወዱት ሊያመጡት ይችላሉ። ከማስረከባችሁ በፊት የዲፓርትመንት መቀየሪያው የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነና የሚጠየቀው ውጤት ስንት እንደሆነ ከሬጅስትራር ጠይቃችሁ ጻፉት፤ ከዚያ ቀን በፊት ባለው ሴሚስተር የሁለተኛ ምርጫችሁን አንድ መሠረታዊ ኮርስ ውሰዱ።